የቱን ሚዛን ነው መጠበቅ ያቃተው?

ለመጋዘኑ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ግቢውን የሚያይ፣ ባለቤቱ ግን ግቢውን የማያዩበት ቢሮ

ጉዳዩ፦ አንዲት ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻዋ እንድትነበብልኝ ስለመለመን

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው፣ ጉልበትዎስ፣ ቁርጭምጭሚትዎስ? ባለፈው ሳምንት በአንድ እጅዎ ስልክ በሌላው ሻይ ይዘው፣ መደገፊያውን በክርንዎ እንኳ ሳይነኩ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ሲወጡ በዓይኔ አይቼ "ተመስገን" ብያለሁ። በዚህ መጋዘን እግሩ የከዳው ሰው ምን እንደሚጠብቀው ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለምና፣ ያን እግርዎን አደራ።

እኔ የ"ቱንቢ" ሚስት ነኝ። ቱንቢ መቼም ግንበኞች ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ ከክር ጫፍ የሚንጠለጠለው ብረት ነው፤ ጫኝና አውራጆቹ ይህን ስም ለባለቤቴ ያወጡለት በበሩ አጠገብ ባለው ትልቅ ሚዛን ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ ለሻጭም ለገዢም፣ ለዘመድም ለባዳም የአንዲት ፍሬ ያህል አዘንብሎ ስለማያውቅ ነው። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ ደብዳቤዬ ስፌቱ ጠሞ ከተገኘ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በእኛ ሙያ ስፌት ሲጠም ይተረተራል እንጂ ማኅተም አይመታበትም፤ ሙያችን ትንሽ ስለሆነ ይሆናል።

ደብዳቤውን በበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ "የጠፋ ቁልፍ ያገኘ" በሚለውና "እዚህ መትፋት ክልክል ነው" በሚለው መሐል የለጠፍኩት ድፍረት ይዞኝ አይደለም። አራት ማመልከቻ ጽፌ አራቱም ወደ ቢሮዎ ገብተው ስላልወጡ፣ አምስተኛው ወንድሞቹን ፍለጋ ገብቶ እዚያው እንዲቀር አንጀቴ አልቻለም። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቢሮዎ ቁጥር የሌለው ነገር አይገባውም ብለውኛል።

አንደኛ፣ ስለ አነባበብዎ አመሰግናለሁ።

ባለቤቴን ሕመሙ የጀመረው የዛሬ አምስት ዓመት ነው። መጀመሪያ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ሳይታወቀው በባዶ እግሩ ሦስት አራት እርምጃ ይሄድ ነበር፤ እኛም "ምነው፣ ፍቅር ያዘህ እንዴ?" እያልን እንስቅበት ነበር። ቀጥሎ እግሩ እንደ እንጨት ግትር አለ፣ በደልዳላ ወለል ላይ ይደናቀፍ ጀመር፣ ሽንት ቤት መድረስ እሽቅድምድም ሆነበት። አንዱ ወገብ ነው አለ፣ አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዱ ዕድሜ ነው ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ ሸኘን። በመጨረሻ ልጄ ልትሆን የምትችል አንዲት የነርቭ ሐኪም ደሙንና ከጀርባው የተቀዳውን ውሃ አስመርምራ እውነቱን ነገረችን። በደም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ የሚኖር አንድ ቫይረስ አለ፤ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹን ምንም ሳያደርጋቸው አብሯቸው ያረጃል፤ በጥቂቶቹ ላይ ግን ሕብለ ሰረሰራቸውን፣ ማለትም በአንጎልና በእግር መካከል መልእክት የሚያመላልሰውን የጀርባ ገመድ ይጎዳል። ነቅሎ የሚያወጣው መድኃኒት እስካሁን የለም፤ እግርን ማለማመድና ከመውደቅ መጠበቅ ግን ይቻላል አለችን።

ይህችው ሐኪም ለመሥሪያ ቤትዎ በጻፈችው ወረቀት ላይ እንዲህ ትላለች፦ "ታካሚው ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም፤ ስለሆነም ቆሞ ከመሥራት ተቆጥቦ አሁን ያለበትን ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ እንዲቀጥል እንመክራለን።" እግዜር ያሳይዎ፣ ሥራው ድሮም ተቀምጦ ነበር! ክንድ ማሳረፊያ ባለው ወንበር፣ እኔ በሰፋሁለት ትራስ ላይ ተቀምጦ ቁጥር ያነባል፣ ቲኬት ይጽፋል፤ መነሳት ሲያምረው ማሳረፊያውን በሁለት እጁ ተጭኖ ይነሳል። እርስዎ ግን የቅጥር ደብዳቤው የሥራ መደቡን "ሚዛን ጠባቂ" እንደሚለው ትዝ አለዎትና፣ ከዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያዎቹን አራት ቃላት አንብበው፣ ድካም ይሁን ሌላ የአገር ጉዳይ፣ ድርብ ሰረዙ ጋ ሲደርሱ ወረዱ። በሦስተኛው ቀን "ሚዛኑን መጠበቅ እንደማይችል በሐኪም ስለተረጋገጠ ከሚዛን ሥራ ተነስቶ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሯል" የሚል ደብዳቤ ደረሰን። የሰው ታማኝነት በደም ምርመራ እንደሚታወቅ የተማርኩት ያን ቀን ነው።

በዚህም አላበቁም። ሦስት ሰዎች መመዘኛ ብረት ተሸክመው መጡና ሚዛኑን ሙሉ ቀን ፈተሹት፤ አንዲት ግራም ሳይጎድልበት ሳይተርፍበት ተገኘ። ከሁለቱ ሚዛኖች ጤነኛውን አስመርምረው ጤነኛ ነው አሰኙልን ማለት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ግን አይጥም አልነበረ፣ የተበላም የለ፣ እንዲያው ዳዋው ብቻውን ተመታ።

ወንበሩ ወዴት ሄደ የሚለውን ለጊዜው እተወዋለሁ። እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ገመና አያያዝዎ አመሰግናለሁ።

የዝውውር ደብዳቤውን በፖስታ አሽገው ለባለጉዳዩ መስጠት ሲችሉ፣ "በቫይረስ ሕመም ምክንያት" የሚለውን ሐረግ ጨምረው እዚህችው ሰሌዳ ላይ አስለጠፉት። በማግስቱ በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤታችን የባለቤቴን ብርጭቆ ለብቻው አድርጋ ቀይ ክር አሰረችበት። ሴትዮዋን አልቀየምኳትም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ካስፈራራት ምን ታድርግ። የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ግን ብርጭቆውን አንስቶ ክሩን በጥርሱ በጠሰና፣ ሻዩን ጭልጥ አድርጎ፣ "እኔን የሚያሰጋኝ የሻይሽ ቅጥነት ነው፣ እትዬ" አላት። አንድ ደብዳቤ ያበላሸውን አንድ ጉንጭ ሻይ አቃናው።

ሌሎችም እንዲሰሙት እዚህ ላይ ልጻፈው፦ ይህ ቫይረስ በብርጭቆ አይተላለፍም፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ አብሮ በመቀመጥም አይተላለፍም። በእናት ጡት ወተት፣ በደም፣ ባልና ሚስትም በሚገናኙበት መንገድ ነው የሚተላለፈው። ሐኪሟ እኔንም መርምራኛለች፤ በእኔም ደም ውስጥ አለ። እግሬ እስከ ዛሬ ድረስ የስፌት መኪናዬን ያለ እንከን ይረግጣል፤ ነገን እግዜር ያውቃል። ይህን ለዓለም ሁሉ ማውራት ቀላል ሆኖልኝ አይደለም፤ እርስዎ ግማሹን ስለለጠፉልኝ ቀሪውን እኔ ልለጥፈው ብዬ ነው። በነገራችን ላይ ባለፈው ዓመት የሱሪዎን ወገብ ያሰፋሁልዎ እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ። እንዳይደነግጡ፣ በክርም አይተላለፍም።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርመራዎ አመሰግናለሁ።

ባለቤቴ አቤት ሊል ቢሮዎ ሲመጣ "እስቲ አንድ ደቂቃ ቆም በልልኝ" አሉት። እሱም ከጀርባዎ ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ዓይኑን ተክሎ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ ቆመ። እርስዎም "በአካል ቀርቦ ቆሞ ታይቷል" ብለው ጻፉ። ሐኪሟ የነገረችንን እኔ እንደገባኝ ልንገርዎ። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሦስት ወሬ ነጋሪዎች ስላሉት ነው፦ ዓይን፣ የጆሮ ውስጥ፣ እና እግር ራሱ። እግር "መሬቱ እዚህ ነው፣ አሁን ወደ ፊት አጋደልክ፣ አሁን ወደ ኋላ" እያለ ለአንጎል ያለማቋረጥ ይናገራል። የባለቤቴ እግር ይናገራል፤ ወሬው ግን መንገድ ላይ ይቀራል፤ ልክ እንደ ማመልከቻዎቼ። ስለዚህ እግሩን የሚያቆመው በዓይኑ ነው። ያን ቀን እርስዎ የመረመሩት እግሩን መስሎዎታል፤ የመረመሩት ሚስማሩን ነው። ሚስማሩ ጠንካራ ነው፤ እኔም እመሰክርለታለሁ።

አራተኛው ላይ ስደርስ ሳቄ ይመጣል፤ ሳቄ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ሐኪሟ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ይዛ "እኔ እኮ የሰውነቱን ሚዛን ነው ያልኩት፣ ሰው ምን ዓይነት ነው?" አለችና፣ "የሰውነቱን ሚዛን ጠብቆ መቆም" የሚል አዲስ ወረቀት ጻፈችልን። ያን ይዤ ስመጣ ጸሐፊዎ፣ ትሑት ልጅ ናት፣ የእርስዎን ቃል አደረሰችኝ፦ የመጀመሪያው ወረቀት መዝገብ ቤት ስለገባ፣ መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት አይታረምም፤ ሁለተኛው ግን "እንዲያያዝ" ተብሎ ተመርቶበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ለካ ሁለቱን በአንድ ቢሮ አይተው ነው። ያ ወረቀት ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። መዝገብ ቤት ማን አለ? ባለቤቴ አለ። "ይታይለት" ብዬ ያመጣሁትን ወረቀት በገዛ እጁ፣ በገዛ ስሙ ማኅደር ውስጥ፣ በቀዳዳው አስገብቶ አያያዘው። "ለምን አላስቀረኸውም?" ብለው፣ "እንዲያያዝ ነው የሚለው፣ እንዲቀር አይልም" አለኝ። ቱንቢ ነው፤ ምን ይደረግ።

አምስተኛ። ይኸኛው አጭር ነው።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። በተዛወረ በሦስተኛው ወር፣ ከምሳ በኋላ፣ አምፖሉ ተቃጠለ። ዓይኑ የጠፋበት ሰው እግሩም ይጠፋበታል ብያለሁ። መደርደሪያ ይዞ ወደቀ፣ መደርደሪያው ማኅደሩን ይዞ በላዩ ወደቀ። ጫኝና አውራጆቹ ድምፁን ሰምተው እየተጋፉ ሲወርዱ አለቃቸው "ቱንቢ፣ የት ነህ?" ብሎ ቢጣራ፣ ከጨለማው ውስጥ "ወለሉ ላይ ነኝ፤ ወለሉ ግን በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም" አላቸው። እየሳቁ አነሱት፤ ደረጃውን ወጥተው የእጁን አንጓ በብርሃን ሲያዩ ሳቁ ቆመ። የተሰበረው የሚጽፍበት ቀኝ እጁ ነው። ቢሮዎ የአደጋውን ምክንያት "የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት" ብሎ መዝግቧል። አምፖሉ እስከ ዛሬ አልተቀየረም ሲሉ ሰማሁ፤ እሱም ጥንቃቄ ጎድሎት ይሆናል።

አሁን ወደ ሐሙስ ልምጣ።

ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ ሳይደገፍ አንድ ደቂቃ እንዲቆም ጠርተውታል። ደብዳቤው ግልጽ ነው፤ ለግልጽነቱም አመሰግናለሁ። ከቆመ ጤነኛ ነውና በር ጥበቃ ይመደባል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ማለት ነው። ካልቆመ ለሥራ ብቁ አይደለምና ይሰናበታል። እኔ ብዙ ልብስ ሰፍቻለሁ፤ እንዲህ ሁለቱም እጅጌው የተደፈነ ኮት ግን ሰፍቼ አላውቅም።

እሱ ግን እየተለማመደ ነው። የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያው እንዳሳየው ማታ ማታ የቤታችን ማዕዘን ውስጥ ይቆማል፤ ሁለቱ ግድግዳዎች ከኋላው፣ ወንበር ከፊቱ፣ እኔ በስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ እቆጥርለታለሁ። ሲጀምር ስምንት ላይ ወንበሩን ይይዝ ነበር፤ አሁን ሰላሳ አንድ ደርሷል። ከትናንት ወዲያ ደስ እንዲለው ብዬ ቁጥሩን ትንሽ አስሮጥኩትና አርባ አደረስኩት። ዓይኑን ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ሳይነቅል "አንቺ ሴት፣ ሚዛን አትንኪ" አለኝ። "ምን አደረግሁ?" ብለው "ቁጥርሽ ሮጧል። ብወድቅ ይሻለኛል እንጂ በተጭበረበረ ቁጥር አልቆምም" ብሎ ከአንድ አስጀመረኝ። ክቡር ኃላፊ፣ ሚዛን መጠበቅ አይችልም ያሉት ሰው ይኸ ነው። እኔም ክር እያሳጠርኩ አንገቴን ደፍቼ፣ ሐሙስ እንዲቆም ልጸልይለት ወይስ እንዲወድቅ፣ ሳላውቅ ከአንድ ጀመርኩ። ለእርስዎ አስቤ የማላውቀውን ያህል መጥፎ ነገር ያሰብኩት በዚያች ሰዓት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ወይም አይበሉኝ።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነው። ሐሙስ ባለቤቴ ይመጣል፣ ፎቅ ግን አይወጣም፤ ለፈተናም አይቆምም። በበሩ ከሚዛኑ አጠገብ እንጠብቅዎታለን፤ ጫኝና አውራጆቹም ግራና ቀኙን እንይዘዋለን ብለዋል። እርስዎና ኮሚቴዎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ይውረዱና የሐኪሟን ዓረፍተ ነገር ከድርብ ሰረዙ ወዲያ ያለውን ጮክ ብለው ያንብቡልን። ከዚያ ጆንያ ሚዛኑ ላይ ይጫን፤ እሱ ተቀምጦ ቁጥሩን ያንብብ፤ የቀኝ እጁ እስኪጠገን በግራው ይጽፋል፣ ያንንም ተለማምዷል። አንዲት ፍሬ ከሳተ በር ጥበቃም፣ ስንብትም፣ የፈለጉትን ያድርጉት። ሲወርዱ ግን ባዶ እጅዎን እንዳይመጡ፤ ወንበሩን ይዘው ይምጡ። የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

በመጨረሻም አድናቆቴን ሳልገልጽ ብሰናበት ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ባለቤቴ ዓይኑን ሲጨፍን ሦስት እስክቆጥር አይቆይም፤ ይወድቃል። እርስዎ ግን ዓይንዎን እንደጨፈኑ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሥልጣን ላይ ሳይወድቁ ቆመዋል። ሐኪሟን ይህ እንዴት ይሆናል ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ በሕክምና አልተደረሰበትም አለችኝ።

እግርዎ እንዳይከዳዎ፣ አምፖልዎ እንዳይቃጠል፣ ወረቀትዎም ደግ አንባቢ እጅ እንዲገባ እየተመኘሁ፣ ከማያዘነብል አክብሮቴ ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የቱንቢ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
ለበሩ ሚዛን፤ ነፃ መሆኑ ስለተረጋገጠለት እንኳን ደስ ያለህ ለማለት
ለመዝገብ ቤቱ አምፖል፤ በሕይወት ካለ
ለድርብ ሰረዙ፤ ከወዲያው በኩል ሰው እየጠበቀ መሆኑን እንዲያውቀው

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አራተኛውን ማመልከቻ ይዤ ቢሮዎ የገባሁ ዕለት እርስዎ ለስልክ ብለው ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ፣ የተቀመጡበትን ወንበር አየሁት። ክንድ ማሳረፊያው ያው ነው፣ ትራሱም የእኔው ስፌት ነው። ባለቤቴ ያን ትራስ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦበታል፤ ጨርቁን ሁለት ጊዜ ስቀይር ሁለቱንም ጊዜ ግራና ቀኙ እኩል ነበር ያለቀው፤ በሽተኛ ሆኖም እንኳ እኩል። ከእርስዎ ዘንድ በከረመባቸው አራት ወራት ግን በግራ በኩል ጎድጉዶ፣ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ጥጡ ወጥቶ አገኘሁት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በቢሮዎ አነባበብ ግን ይህ "ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም" ይባላል። ምርመራ ካስፈለገዎ የነርቭ ሐኪሟ ክፍል ምድር ወለል ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም፤ ወረቀትም በደንብ አድርጋ ትጽፍልዎታለች። ብቻ አደራ፣ ማን እንደሚያነብልዎ ይጠንቀቁ።